ዛጎልና ነጭ ጋውናችን

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ ባልደረቦቼ!

ይህን የሽኝት ድግስ ደብቃችሁ ስታሰናዱ እኔን ከወልድያ ለማራቅ ያልዋሻችሁት ውሸት የለም። ሾፌራችን ዳምጠው "ጎማው ተንፍሷል" ብሎ ረፋዱን ሙሉ ሐራ ላይ ገትሮኝ አረፈደ። እግዜር ይስጥልኝ፤ ደክማችሁልኛል።

ወይዘሮ ሸጊቱም ከውርጌሳ ድረስ መጥተዋል። አዲስ የገባችሁ ልጆች፣ እኚህን ሴት ታውቋቸዋላችሁ? የዛጎል እመቤት ናቸው። ዛጎልስ ማን ናት? ፍየል ናት። ከብዙዎቻችሁ ይልቅ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ አትቀየሙኝ።

የፍየል ወተት ውስጥ ያለው ሆርሞን ከግት ጤና ጋር ምን እንደሚያገናኘው እንይ ብለን ሀብሩ የወረድን ጊዜ ነው። ጠዋት ጠዋት መኪናችንን ደጃፋቸው አቁመን፣ ነጭ ጋውናችንን ለብሰን፣ እኛው እናልባታለን። የዛጎል ግት አንድ ጎኑ ጠጥሯል። መድኃኒት ይሰጣታል፣ ሻል ይላታል፣ ተመልሶ ያብጣል። ወተቷ ሲመረመር ኮርቲሶሉ፣ ማለትም የጭንቀቱ ሆርሞን፣ ጣራ ነክቷል። ሲራክ ያኔ ገና ትኩስ ምሩቅ ነው። "እትዬ፣ ይቺ አትድንም፤ ብትታረድ ይሻላል" አለኝ።

ወይዘሮ ሸጊቱ ይህን ሲሰሙ መሬት ላይ ዘጭ አሉ።

"ወላሂ እሷን ከምታርዱ እኔን እረዱኝ! የልጄ ጡት ሲደርቅ መንታዎቹን ያኖረች እሷ ናት። አሁን ምን ላጠጣቸው?"

የእርዱን ነገር ተውነው። ወተቱን ይዘን ተመለስን።

በማግስቱ መኪናችን መርሳ ላይ ተበላሸች። ያን ቀን እንኳ የእውነት ነው፤ ዳምጠው፣ አትሳቅ! እኛ ስንቀር ወይዘሮ ሸጊቱ ራሳቸው አልበው፣ እሳቸው ጋ በተውነው የበረዶ ሳጥን አድርገው በሚኒባስ ላኩልን። የላቦራቶሪ ባለሙያችን ሉብና መረመረችና ከቤተ ሙከራው እየሮጠች ወጣች።

"እትዬ፣ ፍየል ተቀይሮብናል! የጭንቀቱ ሆርሞን የለም ማለት ይቻላል።"

"ፍየሏስ ያችው ናት" አልኳት። "የቀረነው እኛ ነን።"

ስንመረምር የከረምነው እኛው ያመጣንባትን ድንጋጤ ኖሯል! ፍየል ስትደነግጥ ወተቱን የሚያወርደው ሆርሞን፣ ኦክሲቶሲን የምንለው፣ ይታገዳል። ወተቱ ግቷ ውስጥ ይቀራል፤ የቀረው ወተት ደግሞ ለጀርም ድግስ ነው። በአንድ እጃችን እያከምን በሌላው እናሳምማት ነበር።

ከዚያ ወዲያ መኪናው አስፋልት ዳር ቀረ፤ ጋውኑም መኪናው ውስጥ። ማለቡ ወደ ባለቤቷ ተመለሰ። "ነይ የኔ ዛጎል፣ ነይ እናቴ" ሲሏት ጆሮዋን ጥላ፣ ወተቷን ለቃ ትቆማለች። መድኃኒቱም ያኔ ሰራ፤ ግቷ ለሰለሰ። መንታዎቹ ዛሬ ተማሪዎች ናቸው። ዛጎልም አርጅታ አለች፤ ሲራክን ስታይ ግን አሁንም ትሸሻለች።

ሲራክ፣ ከነገ ጀምሮ የምርምር ክፍሉን የምትመራው አንተ ነህ። ጎበዝ ነህ፣ እወድሃለሁ። ውጤቱ ግራ ሲያጋባህ ግን መጀመሪያ "እኔ የት ቆሜ ነበር?" በል።

እኔማ ጡረታዬ ከተነገረኝ ወዲህ ዛጎልን ሆኜ ከረምኩ። ደረቴ ጠጥሮ፣ እንባ እንኳ እምቢ ብሎኝ። "እንዴት ነዎት?" ስትሉኝ "ደህና" እያልኩ አልፋችኋለሁ። ዛሬ ግን ወይዘሮ ሸጊቱ እዚያ በሩ ላይ "ነይ የኔ ጥሩወርቅ፣ ነይ እናቴ" ሲሉኝ እንባዬ ወረደ። ዓይኔ ያበጠው ለዚያ ነው፤ ሽንኩርት ነው ያልኳችሁ ውሸቴን ነው።

በሉ እንግዲህ። ቤታችሁ ወተት አይጣ፤ ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። አገሩን ሰላም ያድርግላችሁ። በደነገጣችሁበት ቀን ደግሞ "ና አባቴ፣ ነይ እናቴ" የሚል የምታውቁት ድምፅ አያሳጣችሁ።

አሜን በሉኝ።