የልዑልሰገድ ሁለተኛ ዓይን

(ነገ ቅዳሴ ቤቱ በሚከበር አዲስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፤ ሰዓሊዋ ፈትለወርቅ ከእንጨት ርብራብ ላይ ተቀምጣ፣ ታናሽ ወንድሟ የስብዕና ግንባታ አሠልጣኝ ልዑልሰገድ ከታች አንጋጦ።)

ልዑልሰገድ፦ ሁለተኛው ዓይኔ የታለ?

ፈትለወርቅ፦ የመጀመሪያውስ መቼ ተሠራበት?

ልዑልሰገድ፦ እታለም፣ ቀልዱን ተዪው። ተማሪዎቼ በአውቶቡስ እየመጡ ነው። «ከጻድቃን ጎን ተስያለሁ፣ ኑና እዩ» ብያቸዋለሁ። እንዲህ በጎን፣ በአጥር ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሌባ ሆኜ ሲያዩኝ ምን ይላሉ?

ፈትለወርቅ፦ የሥዕሉን ሕግ እርስዎም ያውቁታል። ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን። ኃጥእ በጎን፣ በአንድ ዓይን። እኔ አላወጣሁትም፤ ከአባቶች የወረደ ነው።

ልዑልሰገድ፦ «እርስዎ» ደግሞ ምን የሚሉት ነው? የአንድ እናት ልጆች መሆናችን ቀረ?

ፈትለወርቅ፦ ታዲያ ከሰው በላይ የሆነን ሰው አንተ ልበለው? መጽሐፍዎ ሽፋን ላይ አይደል የተጻፈው፤ «ከሰው በላይ» ተብሎ፣ በትልቁ፣ ልክ ከጥርስዎ ሥር።

ልዑልሰገድ፦ አንብበሽዋል ማለት ነው!

ፈትለወርቅ፦ እንዴታ! «ልዕለ ሰው አይናደድም፣ አይቆጭም፣ አያለቅስም።» እኛ ቤት ይህን ሁሉ የሚያሟላ አንድ ብቻ ነበር፤ ሙቀጫው።

ልዑልሰገድ፦ ሳቂ። ይህን ግድግዳ በገንዘቤ ያሣልኩት እኔ ነኝ። ሥራው ለእህቴ ይሰጥ ያልኩትም እኔው ነኝ።

ፈትለወርቅ፦ ካሳ መሆኑ ነው?

ልዑልሰገድ፦ የምን ካሳ?

ፈትለወርቅ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ልዑልሰገድ፦ አሁንም እዚያው ነሽ? እናታችን ካረፈች ዓመት አለፋት እኮ።

ፈትለወርቅ፦ «እናታችን»! ዜና አንባቢ መሰሉኝ። የቤት ስሟ ጠፋዎት?

ልዑልሰገድ፦ በቃ፣ አልመጣሁም። ቀብሯ ላይ አልተገኘሁም። ምን ልሁን?

ፈትለወርቅ፦ መቅረትዎን እንኳ ይቅር ብዬ ነበር። መንገድ ይዘጋል፣ መኪና ይበላሻል። አስከሬኑ ገና ሳይወርድ ግን የጎረቤት ልጅ ስልኩን አሳየኝ። እርስዎ መድረክ ላይ ነዎት። «ወላጅ እናቴ ዛሬ አረፈች፤ እኔ ግን ይኸው ከፊታችሁ ቆሜያለሁ!» አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። የእናቴን አፈር የሰማሁት በጭብጨባ ታጅቦ ነው።

ልዑልሰገድ፦ ትምህርት ነበር እኮ! ሰው ከኀዘኑ በላይ መሆን እንደሚችል በራሴ ላይ ማሳየቴ ነው።

ፈትለወርቅ፦ በራስዎ ላይ? በእሷ ሬሳ ላይ ነው የቆሙት። እስትንፋሷ እስኪቆም በር በተንኳኳ ቁጥር «ሉሌ መጣ?» ስትል ነበር።

ልዑልሰገድ፦ ብመጣስ ትድን ነበር?

ፈትለወርቅ፦ አትድንም። ወልጄ ነበር ብላ ትሞት ነበር።

ልዑልሰገድ፦ ጻድቃኑስ? ይኸው አጠገቤ ያሉት አቡነ ተክለ ሃይማኖት፣ እሳቸውስ እንቅልፋቸውን ረግጠው፣ ሥጋቸውን ንቀው አይደል ከሰው በላይ የሆኑት? ለእሳቸው ክንፍ፣ ለእኔ ግማሽ ፊት?

ፈትለወርቅ፦ ለጸሎት ቆመው ቆመው እግራቸው ተቆረጠ፤ ክንፉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከእርስዎ ምን ተቆረጠ? ጥፍርዎን እንኳ የሚቆርጥልዎ ሌላ ሰው ነው።

ልዑልሰገድ፦ ቅናት ነው። ሰው ሁሉ አንቺ እንደምታስቢው ቢያስብ ጀግና የሚባል አይፈጠርም ነበር። በተረቱም በታሪኩም ከሌላው ልቆ የወጣ ሰው አለ።

ፈትለወርቅ፦ አለ። ወንዝ በአንድ ጉንጭ ይጨልጥ የነበረው ሰውዬ ትዝ ይልዎታል? እሳት ዳር ስንሰማው የሞቱ ነገር ሲደርስ እንቅልፍ ይዞዎት ይሄድ ነበር።

ልዑልሰገድ፦ ምን ገደለው?

ፈትለወርቅ፦ ወንዙን ጨርሶ ሲፎክር ምራቁ አነቀው።

ልዑልሰገድ፦ ቄሰ ገበዙን እጠራለሁ!

ፈትለወርቅ፦ ይጥሯቸው። መቃብሯ አፍ ላይ በልጅ ቦታ ቆመው አፈር ያለበሷት እሳቸው ናቸው። ትናንት ሥዕሉን አይተው ምን እንዳሉኝ ልንገርዎት? «አንዱም በዝቶበታል።»

ልዑልሰገድ፦ በገዛ አገሬ እንዲህ ልዋረድ!

ፈትለወርቅ፦ ስሕተቱ እሱ ላይ ነው። ጅብ እንኳ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው በማያውቁት አገር ሄዶ ነው። እርስዎ እትብትዎ ከተቀበረበት ድረስ መጥተው አንጥፉልኝ አሉ።

ልዑልሰገድ፦ እሺ፣ አሸነፍሽ። ምን ላድርግ? ንገሪኝና ልጆቹ ሳይደርሱ ይጨረስ።

ፈትለወርቅ፦ ቀላል ነው። ብሩሹ ይኸው፣ ቀለሙ ይኸው። ለሁለተኛው ዓይን የሚሆን ቦታ ነጩን ትቼለታለሁ። ይውጡና በገዛ እጅዎ ይሣሉት። አላጠፋውም፣ በማርያም።

ልዑልሰገድ፦ እኔ? እዚያ ላይ?

ፈትለወርቅ፦ መጽሐፍዎ፣ ምዕራፍ አንድ፤ «ልጅ ሳለሁ የሾላ ዛፍ ጫፍ ድረስ ወጣሁ። ፍርሃቴን እዚያው ቀብሬ ብቻዬን ወረድኩ።» ይህ የሾላውን ግማሽ አያህልም።

ልዑልሰገድ፦ ያው… መሰላሉ ይነቃነቃል።

ፈትለወርቅ፦ ሾላውም ይነቃነቅ ነበር። ወይስ ተማሪዎችዎ ሲመጡ ምዕራፍ አንድን እኔ ላስተምራቸው?

ልዑልሰገድ፦ ያዢልኝ። አጥብቀሽ ያዢ!

ፈትለወርቅ፦ ከላይ ይዤዋለሁ። ወደ ታች አይዩ።

ልዑልሰገድ፦ አላይም። ልዕለ ሰው ወደ ታች አያይም… ልዕለ ሰው ወደ ታች… ኧረ እጄን! ኡፍ! ወጣሁ! አየሽ? አየሽ፣ እታለም?

ፈትለወርቅ፦ አየሁ። ርብራቡ ለሁለት ሰው አይመችም፤ ቦታ ልልቀቅልዎት።

ልዑልሰገድ፦ ዓይኑን ከየት ነው የምጀምረው? ከቅንድቡ? እታለም? የት ሄድሽ?

ፈትለወርቅ፦ ታች ነኝ።

ልዑልሰገድ፦ መሰላሉስ?

ፈትለወርቅ፦ እሱም ከእኔ ጋር ወርዷል።

ልዑልሰገድ፦ መልሺው! ወለሉ ምነው እንዲህ ራቀ? እግሬ… እግሬ አልታዘዝ አለኝ!

ፈትለወርቅ፦ እግር ምን ያደርግልዎታል? ክንፍ አይደል የጠየቁት።

ልዑልሰገድ፦ በእመብርሃን! ራሴን አዞረኝ!

ፈትለወርቅ፦ አንዲት ጥያቄ ብቻ። ያን ጊዜ ከሾላው ማን አወረደዎት?

ልዑልሰገድ፦ ብቻዬን…

ፈትለወርቅ፦ የአውቶቡሱ ክላክስ ተሰማዎት? ደርሰዋል።

ልዑልሰገድ፦ እሺ! እሷ ናት!

ፈትለወርቅ፦ እሷ ማን?

ልዑልሰገድ፦ እናታችን!

ፈትለወርቅ፦ ዜናውን አልጠየቅኩም።

ልዑልሰገድ፦ እማዬ! እማዬ ናት! ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ… ቅርፊቱ ክንዷን እየላጣት… በጀርባዋ አዝላ… «ዓይንህን ጨፍን፣ እኔ አይልሃለሁ» እያለች… እማዬ! ኧረ እማዬ ድረሽልኝ!

ፈትለወርቅ፦ በለው። አልቅስ፣ ሉሌ። ዓመት ሙሉ እንደ ሙሾ የጠበቅኩት ይህችን ቃል ነበር።

ልዑልሰገድ፦ «አንተ» አልሽኝ! እንግዲያው አውርጂኝ። ዓይኑን ተዪው፤ ያለውንም አጥፊው፤ ብቻ አውርጂኝ!

ፈትለወርቅ፦ አወርድሃለሁ። ያንተን አጥንት ሰብሬ እሷን ምን ልላት ነው? ግን ትንሽ ቆይ።

ልዑልሰገድ፦ የምን መቆየት ነው! በሩ እየተንኳኳ ነው!

ፈትለወርቅ፦ ሰማሁ። በር ሲንኳኳ እሷም ትሰማ ነበር።

ልዑልሰገድ፦ አትክፈቺ! ሱሪዬ… ንፍጤ… እንዲህ ሆኜ እንዳያዩኝ! እታለም፣ በእማዬ ሞት!

ፈትለወርቅ፦ ግቡ፣ ግቡ ልጆች! ጫማችሁን እዚያው አውልቁ። መምህራችሁን ነው? ቀና በሉ፤ እሳቸው ከሰው በላይ ናቸው።