የናፍጣው ኩሬ አረንጓዴ ሲሆን

ስለ አልጌ ሳስረዳ የሰው ላም ልገድል ነበር። ከምዕራብ ዓባያ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ዳር ቦቴ ተገልብጦ፣ ናፍጣው ሙዝ ማሳ አጠገብ ያለች ኩሬ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሰንብቼ ባያት አረንጓዴ ሆናለች! ቁጢጥ ብዬ ሳፈጥባት ጎረቤታችን እትዬ አስቴር ገጀራ በብብታቸው ሸጉጠው ያረገዘች ላማቸውን እየሳቡ መጡ።

«ውሃው ዳነ እንዴ?» አሉኝ።

«አልጌ የሚባሉ ጥቃቅን የውሃ ዕፅዋት ናቸው እኮ እትዬ! አንድ በአንድ በዓይን አይታዩም። ብዙዎቹ በነዳጁ ያልቃሉ፤ የቻሉት ተርፈው ይራባሉ። ባክቴሪያዎች ነዳጁን ይበላሉ፣ አልጌዎቹ ደግሞ ለባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን ይሰጣሉ። ድፍድፍ ነዳጅ የፈሰሰበት ባሕር ውስጥ እንኳ...»

«እሰይ! ነፍስ ያለው ነገር ከኖረበትማ!» ብለው ገመዱን ለቀቁላት። ላሟ አንገቷን ስታጎነብስ ነው የባነንኩት። ዘልዬ አፏን ያዝኩ።

«ኧረ እትዬ፣ መርዙ አልወጣም! አልጌዎቹ ቻሉት እንጂ ውሃው አልጠራም!»

እትዬ አስቴር ገመዱን እየጎተቱ ጮኹብኝ፦ «አንተ ልጅ! ይህንን አስቀድመህ አትናገርም? ሰው ወሬ ከጅራቱ ይጀምራል?»

ደግነቱ ላሟ አልቀመሰችም። እኔ ግን ልቤ አላርፍ አለ፤ ሌላ ከብት ቢመጣስ እያልኩ ኩሬዋን እዞራለሁ። እሳቸው ትንሽ አዩኝና ገጀራቸውን አቀበሉኝ።

«በል እሾህ ቁረጥና ዙሪያዋን እጠር። የኦክስጅኑን ነገር እሾኹን እየጎተትክ ትጨርስልኛለህ።»