ስላልወረድን የተገዛ ጣፋጭ

ዓርብ ዕለት ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሐጂ ዙህዲ ከመስጊድ ወጥተው ቀጥ ብለው ወደ መሸበክ ሻጩ ሄዱ። መሸበክ እኛ የግብፅ ዱምያጥ ከተማ ሰዎች በደስታ ቀን የምናድለው፣ እንደ ዳንቴል የተጠላለፈ፣ ሽሮፕ የጠጣ ጣፋጭ ነው። ልጅ ሲወለድ ይታደላል፤ ልጃገረድ ስትታጭ ይታደላል። ሐጂ ዙህዲ ግን የዚያን ቀን አንድ ትልቅ ትሪ ሙሉ ያስጠበሱት የአናጺዎች እግር ኳስ ክለብ ወደ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ስላልወረደ ነበር።

ክለቡ ሐሙስ ዕለት የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ ዜሮ ለዜሮ ወጣ። ከሥሩ ያለው ቡድን በሌላ ከተማ ስለተሸነፈ ብቻ ለጥቂት ተረፈ። በዚህም ሰፈሩ ሁሉ ከበሮ ሲደልቅ አመሸ። ክለቡን በደጉ ዘመኑ ያየ ሰው ይህን ሲሰማ ሆዱ ይባባል። ድሮ ከበሮ የምናወጣው የካይሮ ትልልቅ ቡድኖች እኛ ሜዳ ላይ ተሸንፈው ሲመለሱ ነበር።

«እንኳን ደስ ያለዎት ሐጂ! ማንን ሊድሩ ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላቸው መጣ።

ዞር ሲሉ ኡስታዝ ሐይሰም ነው። ሐይሰም በወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ አስተማሪ ሲሆን የቫርኒሽ ቀቢው የሙርሲ ልጅ ነው። ሙርሲ ደግሞ እስኪሞት ድረስ የሐጂ ዙህዲ የልብ ጓደኛ ነበር። አንዱ ወንበር ይሠራል፣ ሌላው ይቀባል፤ ስታዲየም ሲገቡም በምሥራቁ መቀመጫ ጎን ለጎን ነበሩ።

«ማንንም አልድርም። ክለቡ ስለተረፈ ነው» አሉ ሐጂ።

«ከምን ተረፈ?»

«ከመውረድ ነዋ! ትላንት ስታዲየም አልነበርክም እንዴ?»

«ነበርኩ። ሰው ከበሮ ሲመታ ጊዜ ጎል አምልጦኝ ይሆን ብዬ ጎረቤቴን ጠየቅኩት።»

ጣፋጭ ሻጩ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ዘይቱ ጎንበስ አለ። ሐጂ ግን አልሳቁም።

«ምላስህ ቁርጥ የአባትህን። እሱም እንዲህ እየሳቀ ይወጋ ነበር፤ አላህ ይዘንለት። በል ና፣ ትሪውን ያዝልኝና ወደ ክለቡ እንሂድ። ጉባኤው ከሰዓት በኋላ፣ ዓስር ሶላት እንዳለቀ ነው።»

ሐይሰም ትሪውን ተቀበለ። እውነቱን ለመናገር፣ ሐጂን ማነጋገር ከፈለገ ሰንብቷል፤ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ለመናገር ግን ዓይኑን አፍሮ ነበር። አሁን መንገድ ላይ ስላገኛቸው፣ ይህን ቀን ካሳለፈው ሌላ እንደማያገኝ ገባው። በዓባይ ዳር ሲሄዱ አንድ ጥላ ያለው አግዳሚ ወንበር አየና፣ «ሰዓቱ ገና ነው ሐጂ፤ ትንሽ እንረፍ» አለ። ተቀመጡ፤ ትሪውን መሃላቸው አኖሩት።

«ዛሬ ፋቲሃ ሊሉ ነው?» ሲል ጠየቀ ሐይሰም።

ጥያቄው ለማያውቀው ሰው እንግዳ ይመስላል። እኛ ዘንድ ነገር ሲያልቅ የቁርአን መክፈቻ ምዕራፍ፣ ፋቲሃ፣ ይባላል። ገዢና ሻጭ ሲስማሙ፣ ሽማግሌ ልጅ ሲያሳጭ፣ እጅ ተዘርግቶ ፋቲሃ ከተባለ በኋላ አፉን የሚከፍት ሰው እንደ ነውረኛ ይቆጠራል። የክለቡ ጉባኤም በየአራት ዓመቱ የሚያልቀው እንዲሁ ነው። ድምፅ መስጫ ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ሊቀመንበሩ ፊክሪ በይ («በይ» የክብር መጠሪያ ነው) ይናገራሉ፤ በዕድሜ ትልቁ አባል «ፋቲሃ!» ይላል፤ ሁሉም እጁን ይዘረጋል፤ ፊክሪ በይ ተመረጡ ማለት ነው። በዕድሜ ትልቁ አባል ደግሞ ሐጂ ዙህዲ ናቸው።

«እላለሁ እንጂ! ምን ልል ኖሯል?» አሉ ሐጂ።

«ባይሉስ?»

«ለምን ሲባል? ሰውየው ምን አጠፉ? የስታዲየሙን መቀመጫ ያሠሩት አባታቸው ናቸው። ዘንድሮም አልወረድንም። መስቱር ነን፣ አልሐምዱሊላህ።»

መስቱር ማለት ገመናው የተሸፈነለት ማለት ነው። ዱምያጥ ውስጥ «እንዴት ናችሁ?» ብትሉ «መስቱር ነን» ይሏችኋል፤ ደኸየን፣ ተዋረድን የምንልበት ቀን አልመጣም ለማለት ነው። ለቤት ጥሩ ቃል ነው። ልጆቹን አብልቶ ያደረ ድሃ ይህን ቢል ያምርበታል። የኳስ ክለብ ሲለው ግን፣ ከዚህ በላይ አልፈልግም ማለት ይሆናል፤ እኛም ይህን ልዩነት ሳናየው ብዙ ዓመት አለፈ።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ተለማማጅ ወንበር ሠርቶ ቢያመጣልዎና ‹አልተሰበረም› ቢልዎ፣ ይቀበሉታል?»

«ጆሮውን ነው የምቆነጥጠው።»

«ፊክሪ በይ በየዓመቱ ‹አልተሰበረም› እያሉዎት አይደል?»

ሐጂ ፈጠን ብለው፣ «ወንበር ሌላ፣ ኳስ ሌላ! ወንበር በእኔ እጅ ነው። ኳስ በሃያ ሁለት ሰው እግር ውስጥ ነው» አሉ።

«የልጆቹ ሜዳስ በማን እግር ውስጥ ነበር? ልጆች የሚለማመዱበት ሜዳ የበዩ የሰርግ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ሆነ። ሙሽሮቹ መኪና ያቆማሉ፣ ልጆቹ ጎዳና ላይ ይጫወታሉ። ከነሱ መሃል አንዱ እንደ ምንም ጎልቶ ሲወጣ ደግሞ ክረምት ሳይወጣ ለካይሮ ይሸጣል። ያ ግራ እግረኛው ልጅ አሁን የት ነው?»

«ካይሮ ነዋ። ትላንት ማታ በቴሌቪዥን አየሁት። ወፍሯል» አሉ ሐጂ በቅሬታ።

«የእርስዎ የልጅ ልጅ የማንን ማሊያ ነው የሚለብሰው?»

ይህን ሐጂ አልወደዱትም። የልጅ ልጃቸው የስፔን ማሊያ ለብሶ እንደሚውል ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንድ ጊዜ የአናጺዎችን ሰማያዊ ማሊያ ገዝተውለት፣ እናቱ የወንበር አቧራ መጥረጊያ አድርጋው አግኝተዋል። ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ ይገባሃል ብዬ ነው የምነግርህ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ በዩን ስለምወዳቸው አይደለም። ፈርቼ ነው። ተቆጥተው ቢሄዱስ? የተጫዋቹን ደመወዝ ማን ይከፍላል? እኔ በወንበር? አንተ በጠመኔ? ክለቡ ተዘግቶ ቢያድር ስታዲየሙም መኪና ማቆሚያ ነው የሚሆነው። ከዚያስ በየሳምንቱ የት ልሂድ? ባለቤቴ ሞታለች፣ አባትህ ሞቷል። ያለኝ እሱ ነው።»

ሐይሰም ከአዛውንቱ አፍ ክርክር ጠብቆ ነበር፤ የመጣው ግን የብቸኛ ሰው ፍርሃት ነው። እንዲህ ያለውን ፍርሃት በንግግር ብልጠት አይረቱትም፤ ሐይሰምም ይህን የማይስት ጨዋ ልጅ ነበር። ስለዚህ እስከዛሬ ለማንም ያልነገረውን አነሳ።

«አባቴ ስታዲየም መምጣት ለምን እንዳቆመ ያውቃሉ?»

«ጉልበቱ ነዋ። ደረጃው አልወጣልህ ብሎት።»

«እኛ እኮ የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው ሐጂ። እስኪሞት ድረስ ደረጃውን በቀን ሁለቴ ይወጣው ነበር፤ አትክልት ተሸክሞ።»

ሐጂ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ሜዳው መኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው የተባለ ጊዜ የተደረገውን ጉባኤ ያስታውሳሉ? አባቴ እጁን አንስቶ ነበር። ‹ልጆቹ የት ይጫወቱ?› ብሎ ሊጠይቅ። እርስዎ ያኔ ‹ፋቲሃ!› አሉ። ሁሉም እጁን ዘረጋ። አባቴም ለጥያቄ ያነሳውን እጅ አውርዶ ለዱዓ ዘረጋው። ቤት ገብቶ ለእናቴ፣ ‹ዙህዲ አላየኝም› አላት። ሌላ ምንም አላለም። ከዚያ በኋላ ጉልበቴን አመመኝ ማለት ጀመረ።»

በዓባይ ላይ አንድ የአሸዋ ጀልባ ቀስ እያለ ያልፍ ነበር። ሐጂ ዙህዲ እስኪያልፍ ድረስ አዩት።

«ለምን አልነገረኝም?» አሉ በመጨረሻ።

«ፋቲሃ ተብሎ የለ!»

ሐጂ ዱላቸውን ይዘው ተነሱ፤ ሐይሰምም ትሪውን አንስቶ ተከተላቸው። መንገድ ላይ ልጁ የአባቱን ነገር በማንሳቱ ይጸጸት ጀመር።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፊክሪ በይ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ሳቅ ሳቅ እያሉ፣ እንደ ወትሮው አጭር ንግግር አደረጉ። ኑሮ መወደዱን፣ ዳኞች አድሏዊ መሆናቸውን፣ አባታቸው ለክለቡ የዋሉትን ውለታ አነሱ። «ዘንድሮም መስቱር ነን!» ብለው ሲደመድሙ ተጨበጨበ። ከዚያም ዓይናቸውን ወደ ሐጂ ዙህዲ ወረወሩ። ፊት የተቀመጡት ሰዎች ከልምድ የተነሳ እጃቸውን ከወዲሁ ዘርግተው ነበር።

ሐጂ ዝም አሉ። ከጎናቸው የተቀመጠው ሰው እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎት በክርኑ ጎሰም አደረጋቸው።

ያኔ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ከፋቲሃው በፊት አንድ ጥያቄ አለ። ጥያቄው የኔ አይደለም። የሙርሲ ነው። ልጆቹ የት ይጫወቱ?»

ፊት የተቀመጡት የዘረጉትን እጅ አወረዱ።

«ሙርሲ ያን ጊዜ እጁን አንስቶ ነበር» ሲሉ ቀጠሉ። «ልጁ ‹አላዩትም› ይለኛል። ልጁ ደግ ነው። እኔ ግን አይቼዋለሁ። አይቼው ነው ፋቲሃ ያልኩት። ነገር እንዳይበላሽ፣ ሰው እንዳይጣላ ብዬ። ፋቲሃ ሰው ከተስማማ በኋላ የሚባል የአላህ ቃል ነው፤ እኔ የሰው አፍ መዝጊያ አደረግሁት። ሰው ያለውን ሁሉ ይናገር፤ ከዚያ በወረቀት እንምረጥ። ፋቲሃውን መጨረሻ ላይ እላለሁ፤ ካላችሁኝ።»

ፊክሪ በይ ፊታቸው ጠቆረ። «ሐጂ፣ ምን አጎደልኩባችሁ?»

«ምንም አላጎደሉም ጌታዬ። ከአባትዎ ጀምሮ ባለውለታችን ነዎት። የጎደለው እኛ ጋ ነው። ምን ትፈልጋላችሁ ብለውን አያውቁም፤ እኛም ይህን እንፈልጋለን ብለንዎት አናውቅም። እንግዲህ ዛሬ እንንገርዎት፤ ይስሙን።»

ከዚያማ ማን ያቁመው! ለዓመታት የታፈነ ነገር ሁሉ ወጣ። ግማሹ ስድብ ነበር፣ ግማሹ ቁም ነገር። አንዱ ስለ አሠልጣኙ፣ ሌላው ስለተሸጠው ልጅ፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ስለ ስታዲየሙ ሽንት ቤት ተናገሩ። የድምፅ መስጫ ሣጥን ስላልነበረ ከአንድ አዲስ ኮሞዲኖ መሳቢያ ነቅለው ወረቀቱን እዚያ ውስጥ ጣሉ። የአናጺዎች ከተማ በሆነችው ዱምያጥ መሳቢያ አይቸግርም።

«ይቀጥሉ» ያሉት በጥቂት ድምፅ ስለበለጡ ፊክሪ በይ አሸነፉ። ሐይሰም ቅር አለው፤ ሐጂ ግን፣ «ተወው፤ ዛሬ የተመረጡት ተጠይቀው ነው» አሉት።

እውነትም ለውጡ ያለው እዚያ ላይ ነበር። ሰውየው ከእንግዲህ እንደሚጠየቁ ስላወቁ፣ የሰርግ መኪኖቹ ወደ ዋናው መንገድ ዳር ተዛወሩና ሜዳው ለልጆች ተመለሰ። ሐይሰም የታዳጊዎቹ ኃላፊ ሆነ። ተጫዋች ሲሸጥ ለምንና ወዴት እንደሚሄድ ለአባላት ይነገር ጀመር፤ ሰውም የሚሰማው ያገኘ ጊዜ መዋጮውን ሳይለመን ያመጣ ጀመር፤ በዩም ብቻቸውን መሸከማቸው ቀረ። ተቆጥተው ይሄዳሉ ተብሎ የተፈራው ሁሉ አልሆነም። ክለቡ በቀጣዩ ዓመት ወደ ላይ አልወጣም፤ አምስተኛ ሆነ። አምስተኛ ስንወጣ ግን ማንም ሰው መሸበክ አላደለም። ይህን ትልቅ መሻሻል ብላችሁ ቁጠሩልን። ያለፉትን ዓመታት የሚመልስልን የለም፤ በነዚያ ዓመታት ጎዳና ላይ የቀሩት ልጆችም አድገው ሌላ ነገር ሆነዋል።

ይህ ሁሉ ግን በኋላ የሆነ ነው። በጉባኤው ማግስት ጠዋት ሐጂ ዙህዲ ያን ሳይታደል የቀረ ትሪ ይዘው ወደ መቃብር ሄዱ። እኛ ዘንድ ለሞተ ሰው ነፍስ ጣፋጭ ይታደላል፤ እሳቸውም «ለሙርሲ ነው፣ ለሙርሲ ነው» እያሉ መቃብር ላይ ቁርአን ለሚያነቡትም፣ ለጠባቂውም፣ ለሚያልፈው ሁሉ አደሉት። ትሪው ባዶ ሲሆን ከመቃብሩ አጠገብ ተቀመጡ።

ለፋቲሃ እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ መለስ አደረጉት።

«ሙርሲ፣ መጀመሪያ የምትለው አለህ?» አሉ።

ረዘም ላለ ጊዜ ጠበቁ። ከዚያ እጃቸውን እንደገና ዘርግተው፣ እያለቀሱ፣ ቀስ ብለው ፋቲሃውን አሉ።