«አውርደኝ» ስል የቆመው አውሮፕላን

ልጄን ልድር ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም በአውሮፕላን የሄድኩ ዕለት ነው። አውሮፕላኑ መንደርደር ሲጀምር ፍርሃት ያዘኝና፣ «ጌታዬ ሆይ፣ ሠርጉም ይቅርብኝ፣ ብቻ አውርደኝ!» ብዬ ጮህኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ አሜን ሳልል ሞተሩ ተንተፋተፈና መሬት ሳንለቅ ቆምን። አብራሪው ነዳጅ ወደ ሞተሩ አልደርስ ብሏል አለን። አጠገቤ የተቀመጡት፣ ከእኛ ሰዎች ጋር ገበያ ውለው አማርኛ የለመዱ ሱዳናዊት ሐጃ አፈጠጡብኝ። «አንተ ሐበሻ! አምላክህ እንዲህ ቶሎ የሚሰማህ ከሆነ፣ ዝናብ ጠፍቶ ማሽላችን ሲደርቅ የት ነበርክ?»

ሞተሩ ተጠግኖ እንደገና ስንንደረደር፣ ገና አፌን ስከፍት ሐጃ ቴምር አጎረሱኝ። «ወላሂ፣ እስክንደርስ አኝክ! አሁን የምጸልየው እኔ ነኝ።» የቴምሩን ፍሬ እየመጠጥኩ፣ በሐጃ ጸሎት ካርቱም ገባሁና ልጄን ዳርኩ።