የሞተር መጋዙ ፈተና

በአብዮቱ ዘመን ነው። ከዓባይ ማዶ ወደ ከተማ በሚሻገር ታክሲ ውስጥ ጆሯቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ የሞተር መጋዝ በጆንያ አቅፈው፣ ከሚስታቸው ጋር ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል።

«ጆሮዬን የበላው ይኸው መጋዝ ነው። ዛሬ ደግሞ በፈተናው ላይ ድምፁን ሰምቼ ካላስተካከልሁት፣ የመሥሪያ ቤታችን ጓድ ኃላፊ መጋዙን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

«እኔ እሰማልዎት የለ? ሦስት ቀን ሙሉ ጓሮ ተለማምደን።»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

«ሲያጓራ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ሲያፏጭ አንሶታል።»

«ትናንት እያፏጨ ዝም አልሽ። ሊቃጠል ነበር።»

«ትናንትማ ጀማሪ ነበርሁ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ አንድ ቀን ጨምሬያለሁ።»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማናል።»

«ቀስ ብልማ እርስዎ አይሰሙኝም።»

«እሺ፣ የት ትቆሚያለሽ?»

«ከፊት ለፊትዎ። እርስዎ የቤንዚን ማስተካከያዋን ብሎን በዝግታ ያዙሩ። ድምፁ ሲስተካከል ነጠላዬን ወደ ትከሻዬ እመልሳለሁ፤ ያን ጊዜ እጅዎን ከብሎኗ ላይ ያንሱ።»

«ፈተናው ሐይቁ ዳር ነው፤ ነፋሱ ቀድሞ ነጠላሽን ቢያነሣውስ?»

«በጥርሴ እይዘዋለሁ።»

የእኔ ነጠላ ከትከሻዬ ተንሸራቶ ነበር፤ እነሱ እስኪወርዱ ድረስ ግን አልመለስሁትም።