ለሦስት የማይካፈለው መዝገብ

ዛሬ ጠዋት ከአብነት ወደ ልደታ በታክሲ ስሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት የፍርድ ቤት ፋይል ታቅፈዋል። አጠገባቸው ያለው ጎልማሳ ፋይሉን እያየ ስልኩን ይነካካል።

«እማማ፣ የመዝገብ ቁጥርዎ 104729 ነው?»

«አዎ ልጄ። ምነው፣ ደግሞ ተቀጠረ?»

«ኧረ እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ቁጥሩ ገርሞኝ ነው፤ ፕራይም ነው።»

«ፕራይም ደግሞ ምንድን ነው? በሽታ ነው?»

«የማይካፈል ቁጥር ነው። ለሁለት ቢሉት፣ ለሦስት ቢሉት፣ ለሰባት ቢሉት ይተርፋል።»

«በል ተው! የኛ ክስ እኮ የአባታችንን ቤት ለሦስት ለመካፈል ነው።»

«ውይ!»

«ለማንም አይካፈልም?»

«ለአንድና ለራሱ ብቻ።»

«ለራሱ ብቻ? ይሄማ ታላቅ ወንድሜ ነው!»

ታክሲው በሳቅ ተናጋ።

«እማማ፣ ቁጥሩ እኮ ከፍርዱ ጋር አይገናኝም።»

«አንተ ምን ታውቃለህ? ስድስት ዓመት የተመላለስኩት እኔ ነኝ። ለሦስት የሚካፈል ቁጥር ይስጡኝ እላቸዋለሁ።»

«አንድ ብቻ ቢጨመርበት ለሦስት ይካፈላል።»

«አንድ? ለአንድ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የተጉላላሁት? ወራጅ አለ!»

እኔም ጉልበቴ ላይ የነበረውን የራሴን ፋይል፣ ቁጥሩ እንዳይታይ ቀስ ብዬ ገለበጥኩት።