አያ ደሴ የተቀመጡልኝ ጡረታ

በእኛ ጊዜ ጡረታ የወታደር ነበር እንጂ የገበሬ አልነበረም። ገበሬ በሬው ሲደክም በሬ ይለውጣል፣ እሱ ራሱ ሲደክም ደግሞ ልጁ ሞፈሩን ይይዝለትና እሱ ከማሳው ዳር ቆሞ «ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ አልኩህ!» እያለ ሲጮህ ይውላል። ጡረታው ይኼው ነው። ታዲያ እስራኤል አገር፣ አፉላ የምትባል ከተማ ገብተን ገና ቤቱን ሳንለምደው «ጡረታ ወጥተዋል» ቢሉኝ ገረመኝ። ማንን አገልግዬ? ለጃንሆይ አልዘመትኩ፣ ለደርግ አልዘመትኩ፤ ያገለገልኩት ሁለት በሬ ነው፣ እነሱም ጡረታ የሚቆርጡ አይመስለኝም።

አትሳቂ ሺራ፣ ቴፑ ሳቅሽን ብቻ ይዞ ይቀራል።

አያ ደሴ ይኸው ከጎኔ ተቀምጠው ይሰማሉ፣ ከዋሸሁ ያርሙኛል። የእናትሽ አባት ናቸው። ልጃቸውን ልጄ አገባ፣ ተዛመድን፣ ከዚያ ወዲህ «አንተ» ተባብለን አናውቅም። በዕድሜ እሳቸው ናቸው ታላቄ፤ እሳቸው ሲዳሩ እኔ ገና የወተት ጥርሴን እጥል ነበር። ግን እኔን የሱዳን መንገድ አሸበተኝ፣ የእሳቸውን ፀጉር ምንም አልነካውም፣ እንደ ጠቆረ እዚህ ገባ። ይኼን ያዢልኝ።

ታዲያ አንድ ቀን መሀል ከተማ ካለው ቢሮ ሁለታችንንም ጠሩን። ሩቲ የምትባል ሠራተኛ አለች፣ ደግ ልጅ ናት፤ አጠገቧ ደግሞ ታደለ የሚባል የጎንደር ከተማ ልጅ ያስተረጉማል።

«ዕድሜያችሁ ስንት ነው ትላለች» አለ።

ዕድሜ! በእኛ አገር ዕድሜው የሚጠየቅ በሬ ነው፣ ያውም ገበያ ሲወጣ። «እንጃ» አልን።

«እሺ፣ ከሁለታችሁ ማን ይበልጣል ትላለች።»

እኔ ፈጠን ብዬ «አያ ደሴ ይበልጣሉ» አልኩ። እሳቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉና፣

«ኧረ በፍጹም! እሳቸው እያሉ? ታላቁ እሳቸው ናቸው!»

«ኧረ አያ ደሴ፣ እርስዎ!»

«ኧረ እርስዎ! የልጄን አማት በልጬ የት ልገባ!»

ያው በር ላይ ሁለት የተዛመዱ ሰዎች ሲገናኙ «ይለፉ»፣ «ኧረ እርስዎ ይለፉ» እንደሚሉት ማለት ነው፤ ጨዋነት ነው፤ ያንን ሰምቶ የሚያምን ሰው ይኖራል ብለን አላሰብንም። ታደለን በዓይኔ ብጠቅሰው «እኔ የተባለውን ብቻ ነው የምተረጉም» ብሎ ደረቱን ነፋ። ሩቲም ቆይታ ቆይታ የእኔን ሽበት አየች፣ የእሳቸውን ጥቁር ፀጉር አየች፣ ፈረደች። እኔ ጡረተኛ ሆንኩ፤ አያ ደሴ ገና ሥራ የሚችል ጎልማሳ ሆኑ።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ከእንግዲህ ሥራ የለብዎትም፣ ይቀመጡ ብላለች።»

«የት?»

«የፈለጉበት።»

«እስከ መቼ?»

ታደለ ይኼኛውን አልተረጎመውም።

እና ተቀመጥኩ። መንግሥት ተቀመጥ ብሎ እየከፈለ ቤት ተደብቆ መቀመጥ ደግሞ ሌብነት መሰለኝ፤ ሰው በሚያየኝ ቦታ ልቀመጥ ብዬ በየጧቱ ከላይኛው ሰፈራችን ከአፉላ ኢሊት በአውቶቡስ ወርጄ፣ አውቶቡስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ከዘራዬን ይዤ፣ ቀጥ ብዬ ቁጭ። አያትሽ ትርንጎ ምሳዬን ትቋጥርልኛለች። ማታ ስመለስ፣

«እንዴት ዋልክ?»

«ተቀምጬ።»

«ደከመህ?»

«በጣም።»

ጉንፋን ይዞኝ የቀረሁ ዕለት አባትሽን ቢሮ ልኬ አስፈቅጃለሁ። ሩቲም እግዜር ይስጣት፣ «ዛሬ ቤቱ ይቀመጥ» ብላ ፈቀደች።

ሳቅሽን ተዪና ይኼን ስሚ። አውቶቡሱ ቁልቁል ሲወርድ በመስኮቱ ሜዳው ይታያል። ጥቁር አፈር ነው፣ እንደ ደምቢያ፣ ዝናብ ሲነካው ቅቤ የተቀባ የሚመስል። ሳየው መዳፌን ይበላኛል። ይችን ምድር ስንመኝ ኖረን፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግራችን መጥተን፣ አሁን አንዲት ጓል እንኳ ሳልፈረክስ በመስኮት እያየሁ ልሞት ነው እያልኩ እወርዳለሁ፣ እንደዚያው እያልኩ እወጣለሁ። ይኼን ለትርንጎም አልነገርኳት።

አያ ደሴን ደግሞ ከከተማው ወጣ ባለ የገበሬ መንደር፣ ሞሻቭ በሚሉት፣ የሽንኩርት ማሳ አስገቧቸው። ማታ ማታ ከሥራ መኪናው ጣቢያው ላይ ሲወርዱ ወገባቸውን ይዘው መጥተው አጠገቤ ዘፍ ይላሉ።

«እንዴት ዋሉ አያ ደሴ?»

«ተንበርክኬ። ጉልበቴ አለቀ። እርስዎስ?»

«ቁጭ ብዬ።»

«የታደሉ!»

«የታደሉስ እርስዎ፤ አፈር ነክተው ዋሉ።»

እሳቸው ጋቢዬን አዩ፣ እኔ እጃቸው ላይ የቀረውን ጭቃ አየሁ። ከዚያ የሥራ ኮፍያቸውን አውልቀው አቧራውን አራገፉና፣

«አያ ያየህ፣ ይች ኮፍያ ልክዎ ትሆን ይሆን?» አሉኝ።

ልኬ ሆነች! ሽበቴን ጥርግ አድርጋ ሸፈነችው። በማግስቱ አያ ደሴ ጋቢዬን ተከናንበው አግዳሚው ላይ ቀሩ፣ እኔ ወደ መኪናው ሄድኩ። ኒሲም የሚባለው አለቃ ኮፍያዋን ሲያያት «ደሴ! ቦከር ቶቭ!»፣ ደህና አደርክ ማለቱ ነው፣ ብሎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ፤ በቃ፣ ደሴ ሆንኩ። ያን ጊዜ ለእነሱ ሁላችንም አንድ ፊት ነበርን። አልተቀየምኩም፤ እኔም ኒሲምን ከወንድሙ መለየት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ያን ዕለት አፈሩን በእጄ ሳፍሰው እንዴት እንደሆንኩ አልነግርሽም። ሽንኩርቱን አመካኝቼ አለቀስኩ።

ትርንጎ ስትሰማ ጮኸች። «አንተ ለፍተህ ደመወዙ ለእሳቸው ቤት?»

«ታዲያ እሳቸው ተቀምጠውልኝ ጡረታው እኛ ቤት ይገባ የለ?» አልኳት። እውነቴን ነው፤ እሳቸው በእኔ ላብ፣ እኔ በእሳቸው መቀመጥ፣ ሁለቱም ቤት ደህና አደረ።

ታዲያ ኒሲም ዝም ቢል ምናለ! ትናንት ሲያቃስት የነበረ ደሴ ዛሬ ከጎረምሳ ቀድሞ መስመሩን ሲጨርስ አይቶ ለሩቲ ነገራት። እሷም ከረባት ያሰሩ እንግዶች አስከትላ ማሳው ድረስ መጣች። እኔ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ስቤ አጎነበስኩ።

«ሲመጣ ተንበርክኮ መነሳት ያቅተው ነበር፣ አሁን እዩት!» አላት ኒሲም። «የአገራችን አየር ነው!»

እንግዶቹም «ኮል ሃካቮድ»፣ ጎበዝ ጎበዝ፣ እያሉ አየሩን ሳቡ፣ ለራሳቸውም እንዲጠቅማቸው ይመስለኛል።

ሩቲ ከዚያ ተመልሳ በጣቢያው በኩል ስታልፍ ደግሞ ጋቢዬን ታያለች። ጋቢው ውስጥ አያ ደሴ ጎብጠው፣ ጉልበታቸውን እያሹ። ታደለ አብሯት ነበር።

«ያየህ! ምነው እንዲህ ባንድ ጊዜ አረጀህ?» አለች።

አያ ደሴም አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ «ጡረታ ነው ልጄ» አሉ።

ልቧ ተነካ። «ቀላል ሥራ እንፈልግልህ? እንደ ደሴ ትታደሳለህ!»

«ኧረ ልጄ» አሉ፣ «እኔ መቀመጤን አላማርርም፤ የታዘዝኩት ነው።»

ታደለ አወቃቸው። እሳቸውም አወቀኝ ብለው ጋቢውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ። እሱ ግን የተባለውን ብቻ ተርጉሞ ሄደ። ያን ጊዜ ነው ይኼ ልጅ ለካ ጥሩ አስተርጓሚ ነው ያልኩት።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሽንኩርቱ ስንት ጊዜ እንደተነቀለ እንጃ፣ ደሴም በሩቲ ሒሳብ አረጁ። ኒሲም ኬክ አስቆረሰ፣ የግድግዳ ሰዓት ሰጠኝ፣ «ደሴ ወንድሜ፣ አሁን እረፍ» ብሎ አቀፈኝ። አለቀስኩ። ከደስታ መሰለው። እኔ ግን አፈሩን መሰናበቴ ነበር፤ ጠግቤው ስለነበር ግን አልከፋኝም።

በማግስቱ ከአያ ደሴ ጋር አብረን ወረድን። ሁለታችንም ጡረተኛ፣ ሁለታችንም ነጭ ጋቢ። አግዳሚው በወታደር ሞልቶ የአንድ ሰው ቦታ ብቻ ቀርቷል።

«ይቀመጡ አያ ያየህ።»

«ኧረ አያ ደሴ፣ እርስዎ እያሉ!»

«በፍጹም! ታላቅ እርስዎ ነዎት፣ ቢሮው ያውቃል!»

«ኧረ እርስዎ፣ ቦታው የለመደው እርስዎን ነው!»

ስንባባል ስንባባል አንዲት ወታደር ትልቅ ሻንጣዋን እየጎተተች መጣች፣ «ፓኑይ?» አለች። ቦታው ሰው አለው ወይ ማለቷ ነው። ሁለታችንም አብረን «ተቀመጪ ልጄ» አልናት። ተቀመጠች፣ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። እኛም ጡረታችንን ቆመን ጀመርነው።

— «ሳባ፣ ግን እውነቱን፣ ትልቁ ማን ነው?» (ሺራ ናት፤ አያቴ ማለቷ ነው።)

ነገርኩሽ እኮ፣ አያ ደሴ ናቸው።

— «ኧረ በፍጹም!» (አያ ደሴ ናቸው፤ ተኝተው መስሎን ነበር።) «እሳቸው እያሉ?»